መስታወት ያልተሰበረበት ክረምት

እኔ ባደግኩበት ቤት በር በኃይል መዝጋት ከስድብ ይቆጠር ነበር። የሌላ ሰው ልጅ ሲዋሽ ይቆነጠጣል፤ እኛ ቤት ግን በር «ዷ» ካለ አባቴ ካለበት ብቅ ይልና «ቀስ በይ እንጂ፣ ሽማግሌ ነው እኮ!» ይለኛል። ሽማግሌው ቤቱ ነው። አያቱ ያሠሩት ፎቅ ቤት፣ ጣውላው ሲረግጡት የሚያቃስት፣ መስኮቱ በበጋ አልዘጋ በክረምት አልከፈት የሚል፣ የእንጨት በረንዳው ወደ መንገዱ ያዘነበለ። አባቴ ይኼን ሁሉ ከነሕመሙ ይወደው ነበር። እማዬ ለጎረቤት «እኔን ያገባኝ እኮ ቤቱን የሚጠርግለት ሰው አጥቶ ነው» እያለች ታስቅ ነበር። ያኔ እንግዲህ ገና ትቀልድ ነበር።

ምድር ቤቱ የአባቴ ፎቶ ቤት ነው። ፎቶ ያነሳል፣ ያጥባል፣ መስታወት ቆርጦ ፍሬም ያስገባል። እኛ ፎቁ ላይ እንኖራለን። ሳሎኑ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የማኅበሩ ነው፤ የሰፈሩን የድሮ ቤቶች ከመፍረስ ለማዳን የተሰባሰቡ ሰዎች ማኅበር። ሊቀመንበሯ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ፣ ሰፈሩ በሌሉበት «ጥንታዊት» ይላቸዋል። አባቴ ጸሐፊያቸው ነው። ሻይ ይዘው ሲያወሩ የታመመ ዘመድ ጠይቀው የመጡ እንጂ ስለ ቤት የሚያወሩ አይመስሉም። «ያቺ የድልድዩ አጠገብ ወገቧን ታማለች»፣ «እሱማ አልቆለታል፣ ክረምቱን አይሻገርም» ይባባላሉ። እኔ ስንት ጊዜ ለማላውቃቸው በሽተኞች አዝኛለሁ።

ያን ዓመት ግን ወሬያቸው ሁሉ ስለ እኛ ቤት ሆነ። ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን ሊያሰፋ ነው። የእኛ ቤት ጥጉ ላይ ነው፤ እሱ በቅርስነት ከተመዘገበ መንገዱ በሌላ በኩል ይዞራል፣ ከኋላችን የተሰለፉት የድሮ ቤቶችም ይተርፋሉ። ለመኖር ያሰጋል ከተባለ ደግሞ ዶዘሩ ከእኛ ይጀምራል። ይኼን አሁን አሳምሬ እነግራችኋለሁ፤ ያኔ የገባኝ ግን መንገድ የሚባል ነገር ሊበላን እየመጣ እንደሆነ ብቻ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ማዘጋጃ ቤቱ የላከው መሐንዲስ መጣ። ጫማው ሲራመድ የሚጮህ ረጅም ሰው ነው። ጥንታዊት ከፊት፣ አባቴ ከጎኑ፣ እማዬ ከክሊኒክ እንደገባች ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ፣ እኔ ከእማዬ ኋላ፣ ከክፍል ክፍል ተከተልነው። ሰውዬው የቆመው የእኔ ክፍል ሲደርስ ነው። ከጣሪያው ተነስቶ እስከ አልጋዬ ራስጌ የሚወርድ ስንጥቅ ነበረ። እኔ «ወንዜ» እለዋለሁ፤ እንቅልፍ እስኪወስደኝ በዓይኔ ቁልቁል እከተለዋለሁ። መሐንዲሱ ትንሽ ጣቱን ሰደደበት። ገባለት። ከዚያ ከቦርሳው ስስ የመስታወት ቁራጮች አወጣ፣ ጀሶ በጠበጠ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ስንጥቁ ላይ አጋድሞ አንዱን ጫፍ ከወዲህ ሌላውን ጫፍ ከወዲያ በጀሶ ለጠፈው። ጀሶው ሳይደርቅ የዕለቱን ቀን በሚስማር ጫረበት።

እማዬ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። ክረምቱ ሲወጣ ተመልሼ አያቸዋለሁ አላት። «እንዲሁ ደህና ሆነው ካገኘኋቸው ቤቱ ይቆማል። ተሰብረው ካገኘኋቸው ይፈርሳል።»

ለእኔ ይኼ በቂ ነበር። መስታወቱ ከተሰበረ ቤቱ ይፈርሳል፣ ካልተሰበረ አይፈርስም፤ ስለዚህ ቤቱን ይዞ ያቆመው መስታወቱ ነው። ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር አለ? መስታወቱ ምንም ነገር እንደማይዝ የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። መስታወት አይለጠጥም፤ ግድግዳው ፀጉር ታህል ቢንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። የተለጠፈው እንዲናገር ነው እንጂ እንዲሸከም አይደለም። እኔ ግን የቤቱ ሸክም ሁሉ ራስጌዬ ላይ ባሉት ስስ ነገሮች እንዳረፈ አመንኩና ዘበኛቸው ሆንኩ። በጣቴ ጫፍ መራመድ ጀመርኩ። ማስነጠስ ሲመጣብኝ ሮጬ በረንዳ ላይ አስነጥሳለሁ። አንድ ቀን ከእማዬ ቦርሳ የቁስል ፕላስተር ሰርቄ ከመስታወቶቹ ጎን ለጠፍኩ፣ ያግዛቸው ብዬ። አባቴ አይቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ አላነሳውም።

ከዚያ ዝናቡ ጣለ። የዚያን ዓመት ዝናብ ቀን የለ ማታ የለ፣ ጣሪያው ላይ ያወርደዋል። አንድ ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ከላይ ያለው መስታወት መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል። ትንፋሼን ውጬ፣ ደረጃውን በቂጤ እየተንፏቀቅኩ (በእግር መውረድ ቤቱን እንዳይነቀንቀው) አባቴ ዘንድ ደረስኩና «አባዬ፣ አንዱ ተሰበረ» አልኩት። እማዬ ሥራ ሄዳለች። አባቴ የፎቶ ቤቱን በር ዘጋ። ፊቱ አመድ ሆኖ ነበር፤ እኔ እንደኔው ቤቱ አሁን ይናድብናል ብሎ የፈራ መሰለኝ።

ለፍሬም ከሚቆርጠው መስታወት ስስ ቁራጭ ቆረጠ። ጀሶ በሻይ ብርጭቆ በጠበጠ። አልጋዬ ላይ ወጥቶ የተሰበረውን ፈልፍሎ አወጣና አዲሱን ለጠፈ፣ ጀሶውንም አሮጌ እንዲመስል በአቧራ አሸት አሸት አደረገው። እጁ ሲሠራ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ያን ጊዜ ከእሱ የሚበልጥ ሰው ዓለም ላይ አልነበረም። ቀኑን ሲጭርበት ግን የዚያን ዕለቱን ሳይሆን መሐንዲሱ የመጣበትን ቀን ጻፈ። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ቀን መጻፍ ተምረን ነበርና ተሳሳትክ ልለው አሰብኩ፤ ከዚያ ትልቅ ሰው ማሳፈር ነውር ነው ብዬ ተውኩት። ሲወርድ ራሴን ዳበሰኝና «አየሽ፣ ዳነ» አለኝ። ለማንም እንዳትናገሪ አላለኝም። ምናልባት ልጅ ምን ያውቃል ብሎ ይሆናል።

እሁድ እማዬ ፀጉሬን ስታበጥረኝ፣ እኔ እንግዲህ አባቴን ማሞገስ ሳያምረኝ ቀርቶ አያውቅም፣ አባዬ ቤቱን አዳነው ብዬ ጀመርኩ። መስታወቱ እንዴት እንደተሰበረ፣ እንዴት እንደቆረጠ፣ እንዴት እንደለጠፈ። እማዬ «ጎበዝ ነው» እያለች ታበጥራለች። በመጨረሻ «ቀኑን ግን ተሳሳተ፣ የዱሮውን ጻፈበት» አልኳት። ማበጠሪያው ፀጉሬ ውስጥ ቆመ። ቆሞ ቀረ። ዞር ብዬ ሳያት ወደ እኔ ሳይሆን በክፍሌ በር ወደ አልጋዬ ትመለከታለች።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት በር ዘግተው ተነጋገሩ። ግድግዳም ጆሮ አለው ይባላል፤ የእኛ ቤት ግድግዳ ጆሮው እኔ ነበርኩ። ከዝናቡ ድምፅ ጋር የሚደርሰኝ ቁርጥራጭ ነው። እማዬ ንገራቸው ትለዋለች። እሱ ብነግራቸው በሳምንቱ ያፈርሱታል ይላታል። ክረምቱ ይውጣ ብቻ፣ አንዴ ከተመዘገበ ማኅበሩ በብረት ያሳስረዋል፣ ያኔ ዘላለም ይቆማል ይላል። እማዬ ደግሞ «ልጅቷ» አለች፣ ከዚያ ሌላ ነገር፣ ከዚያ እንደገና «ልጅቷ»። በቃ፣ ወሬ ስላወጣሁ ልትገርፈኝ ነው አልኩ። እማዬ ለማዘጋጃ ቤቱ ልትናገርብን እንደሆነም ገባኝ። ቤቱን እንዲፈርስ የምትፈልግ እሷ ናት፤ አባዬ ያድነዋል፣ እሷ ታፈርሰዋለች። ነገሩ በልጅ ጭንቅላቴ እንዲህ ቁጭ አለ፣ ለረጅም ዘመንም ከዚያ አልተነሳም።

ራት ላይ እማዬ ሳህኑን ካቀረበች በኋላ ሳትቀመጥ ቆመች።

«ግድግዳው ደህና ነው ብለሃል።»

«ደህና ነው አልኩሽ እኮ» አለ አባቴ። «እኔ ሳልወለድ የቆመ ቤት ዘንድሮ ምን አየና ይወድቃል?»

«ጥሩ። እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ እዚያ የምተኛው እኔ ነኝ። ልጄ ከኋላ ክፍል ትተኛለች።»

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። እማዬም አላጣደፈችውም፤ እጇን ወንበሩ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። ከዚያ ማንኪያውን መልሶ አነሳና «እንደፈለግሽ» አለ።

እኔ አለቀስኩ። ክፍሌን፣ መስኮቴን፣ ወንዜን ተነጠቅኩ፤ ያውም እውነት ስለተናገርኩ። አልጋዬን አባቴ በአንድ በኩል እሷ በአንድ በኩል ይዘው ወደ ኋላ ክፍል አዛወሩት። በፈንታው የእማዬን ፍራሽ ስንጥቁ ሥር አነጠፉ። ትራሱን እሷ ራሷ አመቻቸች፣ ልክ የእኔ ራስ የነበረበት ላይ። ቢያንስ ፈንጠር አድርጎ ማንጠፍ ይቻል ነበር፤ ክፍሉ ሰፊ ነው። እሷ ግን እዚያችው ላይ ነው ያለችው። እልኸኛ ናት አልኩ በልቤ፣ ቦታዬን እንኳ አልተወችልኝም።

ዝናቡ አላባራም። መስታወቶቹም መሰበራቸውን አልተዉም፤ አንዱ ሲተካ ሌላው። እማዬ ሥራ ስትሄድ አባቴ ጀሶውን ይዞ ይወጣል። አንድ ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ቆሜ አየሁት። ጫማውን አውልቆ ፍራሿ ላይ ወጥቷል። ሥራውን ሲጨርስ ወረደና ተንበረከከ፣ ከዚያ ትራሷ ላይ የወደቀውን የመስታወት ስባሪ በመዳፉ ቀስ እያደረገ ይጠርግ ጀመር። አንድም እንዳይቀር ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘንበል እያደረገ ያያል፣ እንደገና ይጠርጋል። ጎንበስ ብሎም እፍ አለበት። ተኮራርፈው እንኳ እንዴት ይወዳታል፣ እሷ ግን ይኼን አታይለትም ብዬ አዘንኩለት። ያን ትራስና ያን መዳፍ ዛሬም ሳስባቸው ይጨንቀኛል። አይወዳትም ነበር ለማለት አልችልም። ይጠርግ የነበረው ግን እንዳታውቅ ነው።

እሷ ደግሞ ታውቃለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ከአንሶላዋ ያገኘቻትን የጥፍር ታህል ስባሪ አመጣችና ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችለት። እኔ በደንብ አልጠረግክም ብላ የምትነጫነጭበት መሰለኝ። አባቴ ስባሪዋን አያት። ከዚያ ታች ደንበኛ እንደሚጠብቀው ሁሉ ቶሎ ቶሎ በልቶ ወደ ፎቶ ቤቱ ወረደ። እማዬ ስባሪዋን በወረቀት ጠቅልላ ጣለችና ሳህን ማጠብ ጀመረች። ማታም እዚያው ተኛች።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ሰማዩ ሲጠራ መሐንዲሱ መጣ። ማኅበሩ በሙሉ ሳሎናችን ተሰብስቧል፣ ጥንታዊት ከጭንቀታቸው ብዛት ስኒውን ገልብጠው ይዘውታል። ሰውዬው ክፍሉ ገብቶ መስታወቶቹን አንድ በአንድ በእጅ ባትሪ አያቸው፣ በጥፍሩ መታ መታ አደረጋቸው። ወደ ወለሉ አይቶ ይኼ ፍራሽ የማን ነው ብሎ ጠየቀ። «የእኔ ነው» አለች እማዬ። «እዚህ ነው የሚተኙት?» «ክረምቱን በሙሉ» አለችው፤ ስትመልስለት ግን የምታየው አባቴን ነው። መሐንዲሱ ራሱን ነቀነቀ። እኔ አሁን ትናገራለች፣ አሁን ታፈርሰናለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም አልተናገረችም። ሰውዬው ሳሎን ወጥቶ ግድግዳው እንዳልተንቀሳቀሰ ተናገረ። ቤተሰቡም በሰላም እንደተኛበት ጨመረ።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ያን ቀን ብቻ መናጋት ተፈቀደ። ጥንታዊት አለቀሱ፣ ሌሎቹ አባቴን ተሸከሙት፣ አባቴም እያለቀሰ ይስቃል። ብዙ ሳይቆይ ማኅበሩ ብረት አስመጥቶ ግድግዳውን ከዳር ዳር አሳሰረ። መንገዱም ዞረ፤ ረድፉ ሁሉ ተረፈ። ስንት ቤተሰብ ከነቤቱ እዚያው አረጀ።

እማዬ ብረቱ ታስሮ እስኪያልቅ አልቆየችም። በጭብጨባው ሳምንት ልብሷንና ልብሴን ጠቅልላ ይዛኝ ወደ አክስቴ ቤት ሄደች፣ አልተመለሰችም። አባቴ እስከ በሩ ተከትሎን «አሁን እኮ ሁሉ ነገር አለፈ» ሲላት ነበር። ሰው «ቤቱ ሲድንለት ትዳሩ ፈረሰ» እያለ ቀለደ። እኔም እማዬ ተሸንፋ አኩርፋ እንደሄደች ይዤ አደግኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። እሷ ስለዚያ ክረምት ሆድ ይፍጀው አለች፤ እሱም አላነሳውም። የመስታወቱን ነገር ካደግኩ በኋላ ራሴ ደረስኩበት። አንድ የማኅበሩ ወጣት መሐንዲስ ሌላ ቤት ላይ ሲለጥፍ አይቼ ጠየቅኩት፣ አስረዳኝ። ያልገባኝ የእሷ መኝታ ነው። ካወቀች ለምን እዚያ ተኛች?

አባቴ አምና ሞተ። ቤቱን ለማኅበሩ ተናዞ ነበር፤ ዘንድሮ የሰፈሩ ታሪክ ማሳያ አድርገው ከፈቱት። መግቢያው ላይ ስሙን በድንጋይ ቀርጸዋል። ስለ እሱ ጥቂት ቃል እንድናገር ለመኑኝ። እማዬ አትመጣም ብዬ ነበር፤ መኪናዬን ሳስነሳ ከዘራዋን ይዛ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

እንግዶቹ ታች ሲሰባሰቡ ፎቁን ማየት ፈለገች። ደግፌ አወጣኋት። የጥጉ ክፍል ባዶ ነው፤ ግድግዳው ላይ አባቴ ያነሳቸው የሰፈሩ ፎቶዎች ተሰቅለዋል፣ መሃል ላይ ለጎብኚ የተቀመጠ አግዳሚ አለ። ስንጥቁን ሞልተው ቀብተውታል። እማዬ ቁጭ አለችና እግሯን ዘረጋች። ያን ጊዜ ካልጠየቅኳት መቼም አልጠይቃትም ብዬ ጠየቅኳት።

«መስታወቱ እንደሚሰበር ታውቂ አልነበር? ለምን ተኛሽ?»

«መጀመሪያ እሱ ይናገር ብዬ» አለች። «እኔ ብናገር ቤቱ ይፈርሳል፣ ያፈረስኩትም እኔ እሆናለሁ። እሱ እንዲመርጥ ነው የፈለግኩት።»

«ቢወድቅብሽስ? እኔንስ አላሰብሽም?» አልኳት፣ ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ። ለካ ተቆጥቼ ኖሬአለሁ።

ከዘራዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ክረምቱን ሙሉ ይሆናል ብዬ መች ገመትኩ፣ ልጄ? አንድ ሌሊት ነበር የመሰለኝ። ራት ላይ ስነግረው አልጋሽን ሳናዛውር ያቆመኛል አልኩ። አላቆመኝም። እንግዲያው ነገ አልኩ። በሚቀጥለው ቀንም ነገ አልኩ። ዝናቡ ሲበረታ በሩ ድረስ ይመጣ ነበር፤ እግሩን አውቀዋለሁ። ቆሞ ቆሞ ይመለሳል።»

«ግን ግድግዳው አልወደቀም» አልኩ።

«አልወደቀም። እኔ መች ግድግዳውን ጠበቅኩ? ተነሺ እስኪለኝ ነበር የምጠብቀው።»

ከታች ስሜ ተጠራ። ጭብጨባ ተሰማ። የጻፍኩት ንግግር ኪሴ ውስጥ ነው፤ አባቴ ቤቱን እንዴት እንደወደደው፣ እንዴት እንደታገለለት። እንደገና ጠሩኝ። እማዬ በከዘራዋ ጫማዬን ነካ አደረገችው።

«ሂጂ፣ ሰው አይጠብቅሽ» አለችኝ። «ቤቱን ያዳነው እሱ ነው። እሱን ንገሪያቸው፤ ውሸት የለውም።»

ወርጄ እሱን ብቻ ነገርኳቸው።